ሁለተኛው ካርድ የት ይግባ?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ከደሴ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የሀረጎን ቁልቁለት ሳንጨርስ የአክስቴ ልጅ ሦስት ጊዜ ደወለ። «ጋሼ፣ የት ደረስክ?» ይላል። ለካ ጌም ቤቱ ውስጥ ሻጭ አስቀምጦ ነው የሚጠብቀኝ።

ስገባ ጠረጴዛው ላይ በፎጣ የተጠቀለለ ግራፊክስ ካርድ አለ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ተሰክቶ የጌሙን ስዕል የሚስለው ክፍል። አርኤክስ 580፣ ባለ 8 ጊጋ፣ ያገለገለ። ከቤቱ ኮምፒውተሮች አንዱ ላይ ያው ዓይነት ካርድ ተሰክቷል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ይህንን ከመጀመሪያው ካርድ ጎን ሰክቶ የማሽኑን ጉልበት እጥፍ ማድረግ ፈልጓል።

«አንድና አንድ ሁለት አይደል?» አለኝ።

«እንዴታ!» አለ ሻጩ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። ደሴ ላይም ኮምፒውተር የሚነካካ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ለምን አሁን እንደበዛ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ወደ ድሮው አልተመለሰም። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ከመነሻው በዶላር የሚገዛ ዕቃ ነው። አዲስና ጠንካራ ካርድ መግዛት ለብዙ ሰው የማይደረስበት ሆነ። ባለው ላይ ሌላ ያገለገለ መጨመር ግን የሚቻል ይመስላል። ሐሳቡ የሞኝ አይደለም። አንድ ዘመን ላይ ትክክለኛ ሐሳብ ነበር። ችግሩ ያ ዘመን ማለፉ ነው።

ከዚህ በታች የምጠራቸው የካርዶቹ ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በሁለት ካሌንደር መኖር ካልቀረልን እንግዲህ ምን እናድርግ።

በ1998 ስሪዲኤፍኤክስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ቩዱ 2 የተባለ ካርድ አወጣ። ሁለት ትገዛለህ፣ በአጭር ገመድ ታገናኛቸዋለህ። አንዱ የስክሪኑን 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ መስመር ይስላል። ሌላው 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን። በቃ። ኤስኤልአይ ይሉት ነበር። በዚያን ጊዜ ጌም ውስጥ አንዱ መስመር ከጎረቤቱ ጋር ብዙም ጉዳይ ስላልነበረው ሥራው ያለ ጠብ ይከፈል ነበር። ኩባንያው ግን አልዘለቀም። በ2000 መጨረሻ ንብረቱን ለሌላው ካርድ ሠሪ ለኤንቪዲያ ለመሸጥ ተስማማ። ኤንቪዲያ ኤስኤልአይ የሚለውን ስም በ2004 መልሶ አመጣው። በዓመቱ ተፎካካሪው ኤቲአይ የራሱን ክሮስፋየር ብሎ ተከተለ። ኤቲአይን ደግሞ በ2006 ዛሬ የአርኤክስ ካርዶች ባለቤት የሆነው ኤኤምዲ ገዛው። የአርኤክስ 580 ድራይቨር (ካርዱን የሚያዝዘው ፕሮግራም) ውስጥ ዛሬም ክሮስፋየር የሚል ማብሪያ የምናገኘው በዚህ የዘር ሐረግ ነው።

ስሙ ቢመለስም አሠራሩ ያው አልነበረም። መስመር መከፋፈል ቀረና በአብዛኛው ፍሬም መከፋፈል መጣ። ጌም ማለት በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚቀያየር ስዕል ነው። እያንዳንዱ ስዕል ፍሬም ይባላል። አንደኛውን ፍሬም ካርድ አንድ ይስላል፣ ሁለተኛውን ካርድ ሁለት፣ ሦስተኛውን እንደገና ካርድ አንድ። ተራ በተራ።

ይሄ ምን ችግር አለው? ለአክስቴ ልጅ በእንጀራ ነው ያስረዳሁት።

እናትህ በአንድ ምጣድ ትጋግራለች እንበል። ሁለተኛ ምጣድ ጣደች። በሰዓት የሚወጣው እንጀራ እጥፍ ሆነ። እውነት ነው፣ ማንም አይክድም። ግን አንዷ እንጀራ የምትበስልበት ጊዜ አላጠረም። ርቦት በር ላይ የቆመ ልጅ የመጀመሪያዋን እንጀራ ለማግኘት የድሮውን ያህል ይጠብቃል።

በቁጥር እንየው። አንድ ካርድ በሰከንድ 30 ፍሬም ቢስል አንዱ ፍሬም 33 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ሁለት ካርድ ተራ በተራ ሲስሉ ቆጣሪው 60 ይላል። አንዱ ፍሬም ግን አሁንም 33 ሚሊሰከንድ ነው የሚፈጀው። ስለዚህ ማውሱን ስትጫን ጥይቱ የሚወጣበት ፍጥነት የ30 ፍሬም እንጂ የ60 አይሆንም። አንድ ጠንካራ ካርድ ብቻውን 60 ሲስል ግን አንዱን ፍሬም በ17 ሚሊሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። ቆጣሪው ላይ ሁለቱም 60 ናቸው። እጅህ ላይ አንድ አይደሉም።

ሌላም አለ። የሁለቱ ምጣዶች እንጀራ እኩል ተራርቆ ካልወጣስ? 60 ፍሬም ማለት በየ17 ሚሊሰከንዱ አንድ ስዕል መምጣት አለበት ማለት ነው። ሁለት ካርዶች ግን አንዳንዴ ይደራረባሉ። አንዱ ፍሬም ከፊተኛው በ6 ሚሊሰከንድ ይከተላል፣ ቀጣዩ 27 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ከዚያ እንደገና 6፣ እንደገና 27። አማካዩን ካየኸው ያው 60 ነው። ዓይንህ ግን 27ቷን ነው የሚያስታውሰው። ታክሲ በአማካይ በየአሥር ደቂቃው ይመጣል ብለውህ ሁለት ተከታትለው አልፈው ሃያ ደቂቃ እንደምትቆመው ዓይነት። ባለሙያዎቹ ማይክሮ ስተተር ይሉታል። ኤኤምዲ በ2013 ፍሬሞቹን እኩል የሚያራርቅ ድራይቨር አውጥቶ ነገሩን አሻሽሎታል። ግን እኩል ማራራቅ ማለት የደረሰውን እንጀራ ትንሽ ማቆየት ነው። ከዚህኛው ጎን ስትስብ ከዚያኛው ይጎድላል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ችግር ሊታለፍ ይችል ነበር። ብዙዎች ለዓመታት ችለው ተጫውተውበታል። የገደለው እርሾው ነው።

የአሁን ጌሞች አንዱን ፍሬም ከባዶ አይስሉም። ካለፈው ፍሬም ላይ ቆንጥረው ይወስዳሉ። የተሰባበረ ጠርዝ ለማለስለስ ያለፈውን ያያሉ። ጥላና ነጸብራቅ ለማስላት ያለፈውን ያያሉ። ዝቅ ባለ ጥራት ስለው ከፍ የሚያደርጉት ዲኤልኤስኤስና ኤፍኤስአርም ከሁለተኛ ትውልዳቸው ጀምሮ ያለፉትን ፍሬሞች ይጠቀማሉ። ልክ የዛሬው ሊጥ የትናንቱን እርሾ እንደሚፈልገው። አሁን ሁለት ቤት የሚጋገር እንጀራ አስብ። አንዱ ቤት ሊጡን ለማቡካት የሌላውን እርሾ መጠበቅ ካለበት ሁለት ቤት መሆኑ ምን ፈየደ? እንዲያውም እርሾው ከቤት ቤት ሲጓዝ ጊዜ ይባክናል። ካርድ ሁለት የካርድ አንድን ፍሬም በማዘርቦርዱ በኩል እስኪቀበል ቁጭ ይላል።

የሜሞሪውንም ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም ሻጩ «16 ጊጋ ሆነልህ!» ብሎት ነበር። አልሆነለትም። ሁለቱ ካርዶች የሚስሉት አንዱን ጌም ስለሆነ ሁለቱም ያንኑ ዕቃ በየጓዳቸው መያዝ አለባቸው። ያንኑ ግድግዳ፣ ያንኑ መኪና፣ ያንኑ ፊት። 8 እና 8 እዚህ ቦታ ላይ 8 ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ አንድ ኩንታል ጤፍ ስላላቸው አንደኛው ሁለት ኩንታል አለው አይባልም።

ኩባንያዎቹ ጉዳዩን የተዉበት መንገድ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። በ2016 ታይፔ በተደረገው ኮምፒውቴክስ የተባለ የኮምፒውተር ኤግዚቢሽን ኤኤምዲ መድረክ ላይ ወጥቶ ሁለት አርኤክስ 480 ካርዶች አንዱን የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1080 ሲበልጡ አሳየ። ሁለቱ ተደምረው ከ500 ዶላር በታች፣ 1080ው ከ599 ጀምሮ። አርኤክስ 480 ማለት የዚህ የኛ 580 ታላቅ ወንድም ነው። ብዙ ሰው አሁንም የሚጠቅሰው ያንን ቀን ነው። የማይጠቀሰው ማሳያው የተደረገበት ጌም ለሁለት ካርድ ተብሎ በልዩ ጥንቃቄ የተጻፈ መሆኑ ነው። አሽስ ኦፍ ዘ ሲንጉላሪቲ ይባላል። እንደሱ ዓይነት ጌም በጣት ይቆጠራል።

ድሮ ሥራውን የሚከፋፍለው ድራይቨሩ ነበር። ኤንቪዲያና ኤኤምዲ ለእያንዳንዱ ጌም የተለየ ማስተካከያ እየጻፉ ያወጡ ነበር። በ2015 ጌም ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት የማይክሮሶፍት ሥርዓት፣ ዳይሬክትኤክስ 12፣ ሲመጣ ኃላፊነቱ ወደ ጌም ሠሪዎቹ ተዛወረ። «ከፈለጋችሁ እናንተው ከፋፍሉት» ተባሉ። ሁለት ካርድ ያለው ተጫዋች ጥቂት ነው። ለጥቂት ሰው ብሎ ወራት የሚደክም ማን አለ? ጥቂቶቹ ሞከሩ፣ ሌሎቹ ዘለሉት።

ከዚያ በር በበር ተዘጋ። ኤንቪዲያ በ2016 ጂቲኤክስ 1060ን ያለ ኤስኤልአይ አወጣው። እንደኔ እንደኔ ቴክኒካዊ ምክንያት ብቻ አልነበረም። ሁለት ርካሽ ካርድ የውዱን ካርድ ገበያ እንዳይሻማ መጠንቀቅም ነበረበት። ነጋዴ ነዋ። ኤኤምዲ በ2019 በወጡት አርኤክስ 5700 ካርዶች ላይ ክሮስፋየርን ተወው። ኤንቪዲያ በመስከረም 2020 ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ አዲስ የኤስኤልአይ ማስተካከያ እንደማያወጣ አሳወቀ። በአርቲኤክስ 30 ትውልድ ሁለቱን ማገናኛ ቀዳዳ የቀረው በውዶቹ 3090 እና 3090 ቲአይ ላይ ብቻ ነበር። በ2022 በወጣው 4090 ላይ እሱም የለም።

ይሄን ሁሉ ከሰማ በኋላ የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ አየኝ። «እሺ ጋሼ፣ ግን እንሞክረው» አለ። አልፈረድኩበትም። በዓይኑ ማየት ይፈልጋል።

መጀመሪያ ካርዱ ራሱ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብን። ይሄ ያገለገለ 580 ለሚገዛ ሰው ሁሉ ይጠቅማል። በ2018 በቻይና ገበያ አርኤክስ 580 2048ኤስፒ የሚባል ካርድ ወጥቷል። ስሙ 580፣ የውስጥ አቅሙ ግን የአርኤክስ 570 ነው። በእውነተኛው 580 ውስጥ 2304 የስሌት ክፍሎች አሉ፣ በዚያኛው 2048። ከላይ ስታየው አይለይም። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ግን ቁጥሩን ይነግርሃል። በተጨማሪም ብዙዎቹ 570 እና 580 ካርዶች ዓመታቸውን ያሳለፉት ክሪፕቶ የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ ሲቆፍሩ ነው። ከነዚህ አንዱ ኢቴሪየም በመስከረም 2022 በካርድ መቆፈርን ሲያቆም በገፍ ወደ ገበያ የተጣሉት እነሱ ናቸው። አንዳንዶቹ ለቁፈራ ተብሎ ባዮሳቸው፣ ማለትም ውስጣቸው የተጻፈው መነሻ ፕሮግራም፣ ተቀይሯል። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት ሰክተህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም አጫውተው።

ሰካነው። ጂፒዩ-ዚ 2304 አለ። ሻጩ ደረቱን ነፋ። «ነግሬህ አልነበር?»

ቀጥሎ የፓወር ሰፕላዩን ጎን አዙሬ አነበብኩ። ፊቱ ላይ በትልቁ 600 ዋት ይላል። እውነቱ የሚገኘው ግን በትንሿ ሠንጠረዥ ውስጥ 12 ቮልት ከሚለው ሥር ነው። ካርዶቹ የሚመገቡት ከዚያ ነው። 36 አምፔር ይላል። በ12 ስታባዛው 432 ዋት ነው። ለአንድ አርኤክስ 580 የተጻፈው ፍጆታ 185 ዋት ነው። ሁለቱ 370። ለፕሮሰሰሩ፣ ለማዘርቦርዱ፣ ለዲስኩና ለፋኖቹ 62 ዋት ቀረ ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ብቻውን ሲጨነቅ ይበላዋል። «ለሙከራ ያህል ብቻ» ብዬ ተስማማሁ። ለሌሊት ሥራ ግን ማንም እንዲህ አድርጎ እንዳይተኛ።

ጂቲኤ 5ን ከፈተ። ያረጀ ጌም ነው፣ የክሮስፋየር ዘመን ልጅ። የኮምፒውተሩ ቅጂ የወጣው በ2015 ነው። እና እውነት ለመናገር ቆጣሪው ዘለለ። የአክስቴ ልጅ ፊቱ በራ። መኪና ይዞ አውራ ጎዳና ላይ ወጣ፣ ካሜራውን ማዞር ጀመረ። ከጀርባ ቆሞ የሚያይ የሰፈር ልጅ «ይንቀጠቀጣል እኮ» አለ። ማንም ስለ ማይክሮ ስተተር አልነገረውም። 12 ዓመት ቢሆነው ነው።

ከዚያ ዩፒኤሱ መጮህ ጀመረ። 650 ቪኤ የሚል ነው፣ በየቢሮው ያለው ዓይነት። እንደዚህ ያለ ዩፒኤስ በዋት ሲቆጠር አብዛኛውን ጊዜ ከ400 በታች ነው። ሁለቱ ካርዶች ብቻቸውን ሊሞሉት ምንም አይቀራቸውም። ሞኒተሩ፣ ፕሮሰሰሩ አልተቆጠረም። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ዩፒኤስ የማይችለው ማሽን ማለት መብራት በሄደ ቁጥር ዲስኩን ለዕድል የሚሰጥ ማሽን ነው። ነቅለን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካነው። ጸለይን።

ሳይበርፐንክ 2077ን ከፈተ። በዳይሬክትኤክስ 12 የሚሠራ ጌም ነው፣ ሁለት ካርድ አያውቅም። ቆጣሪው ድሮ በአንድ ካርድ ከሚለው ንቅንቅ አላለም። በክፍቱ ኬዝ ወደ ውስጥ አየን። የላይኛው ካርድ ፋኖቹ ይጮሃሉ። የታችኛው ፋኖቹ ቆመዋል። ሥራ ስላልተሰጠው አልሞቀም፣ ስላልሞቀ ፋኑን ማዞር አላስፈለገውም። እንቅልፍ ላይ ነው።

«ይሄ ምን ሆነ?» አለ ሻጩ።

ሙቀቱን ካነሳሁ አይቀር ስለኛ አካባቢ አንድ ነገር ልበል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች። ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ደሴ ላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ በአምስተኛ ያህል። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር በመግፋት ነው። የሚገፋው ከሳሳ የሚወስደውም ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ «ይሄ ካርድ 70 ዲግሪ ላይ ይቆያል» ሲሉህ እዚህ ትንሽ ጨምርበት። ደሴዎች ብርዱ ይክሰናል። የጦሳ ተራራ ነፋስ በመስኮት ከገባ ሌላ ማቀዝቀዣም ላያስፈልግህ ይችላል። ኮምቦልቻ ግን ከሰዓት በኋላ፣ በር ዘግተህ፣ ሰባት ማሽንና አሥራ አምስት ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ሌላ ነው። ሁለት ካርድ ተደራርቦ ሲሰካ ደግሞ የላይኛው የሚተነፍሰው የታችኛውን ትኩስ አየር ነው።

እና ምን ይግዛ? በአንድ ካርድ ሐሳብ እንሂድ። አርኤክስ 6600 የሚባል ካርድ በ2021 ወጥቷል። ያገለገለው አሁን በየቦታው ይገኛል። ሜሞሪው ያው 8 ጊጋ ነው። ፍጥነቱ ከአንድ 580 ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። የሚበላው ግን 132 ዋት ብቻ። አንዱ 580 ከሚበላው ያነሰ፣ ከሁለቱ ደግሞ ወደ ሲሶው የሚጠጋ። ያችን ፓወር ሰፕላይ ሳትቀይር፣ ያንን ዩፒኤስ ሳታስጮህ ይሠራል። ሜሞሪ የሚበዛበት ሥራ ካለህ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋውን አስብ፣ እሱ 170 ዋት ነው።

አንድ ጠንካራ ካርድ የሚያመጣው ሌላ ነገር አለ፤ ይሄ በድምር አይገኝም። በ2025 የወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ሬይ ትሬሲንግ የሚባለውን የብርሃን ስሌት በሃርድዌር የሚችል ካርድ ከሌለህ አይከፈትም። አርኤክስ 580 አይችልም። ሁለት 580ም አይችሉም። ዜሮ ሲደመር ዜሮ ነው። ኤኤምዲ ደግሞ ከ2023 ወዲህ የዚህን የ580 ትውልድ ድራይቨር ለብቻ ለይቶ በጥገና ደረጃ ነው የያዘው። ሁለት ማድረግህ ሁለቱንም እኩል አርጅተው እንድታገኛቸው ነው።

ጠንካራ ካርድ ሁሌ መልስ ነው እያልኩ ግን አይደለም። ፕሮሰሰሩ የአሥር ዓመት ከሆነ አዲሱ ካርድ እጁን አጣጥፎ ፕሮሰሰሩን ይጠብቃል። ሞኒተሩ 60 ኸርዝ ከሆነ ከ60 ፍሬም በላይ ያለውን ሊያሳይህ አይችልም። እግር ኳስ ብቻ የምትጫወት ከሆነ ደግሞ ያለህ 580 ይበቃሃል፣ ብርህን ያዝ። ማዘርቦርዱም ይታያል። 6600 የሚጠቀመው ስምንት የዳታ መስመር ብቻ ስለሆነ በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ትንሽ ይጎድልበታል፤ ትንሽ ነው እንጂ የሚያስቀር አይደለም።

አሁን በቅርቡ ደግሞ የሁለት ካርድ ነገር በጓሮ በር ተመልሷል። ሎስለስ ስኬሊንግ የሚባል፣ ስቲም በተባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር የሚሸጥ ርካሽ ፕሮግራም አለ። ዋናው ካርድ ጌሙን ይስላል፣ ደካማው ሁለተኛ ካርድ በሁለት ፍሬም መሐል የራሱን ግምት ፍሬም እየፈጠረ ይጨምራል። ሞኒተሩ የሚሰካው ሁለተኛው ላይ ነው። ተጠቅሜበታለሁ፣ ዓይን ላይ ለስላሳ ነው። ግን የተፈጠረው ፍሬም ግምት ነው፤ አንተ ማውሱን ስትጫን የሚመልስልህ ዋናው ካርድ ነው። 30 ላይ የሚንገዳገድን ጌም 60 ያስመስለዋል፣ እጅህ ግን 30ነቱን ያውቃል። ተኩስ ለሚወዱ አልመክረውም። ተረጋግተህ የምትጫወተው የታሪክ ጌም ከሆነና አሮጌ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ካለህ ሞክረው። ለዚሁ ብለህ ካርድ ግን አትግዛ።

ሁለት ካርድ በእውነት የሚያዋጣበት ቦታ ሌላ ነው። ሥራው ተቆራርጦ አንዱ ቁራጭ ሌላውን የማይጠብቅ ከሆነ። ብሌንደር በሚባለው የስሪዲ ስዕል ፕሮግራም ላይ አንድ ስዕል ሬንደር ሲደረግ፣ ማለትም ተሰልቶ ሲሳል፣ ሁለት ካርድ ተካፍሎ ይሠራዋል፣ ማንም እርሾ አይለምንም። ደሴ ላይ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ልጆች የሚከፈልበትን የቪዲዮ ማቀናበሪያ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ከያዙ ሁለተኛውን ካርድ ያሠሩታል፤ በዊንዶውስ ላይ ነጻው ቅጂ አንዱን ብቻ ነው የሚያየው። ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎችን በቤታቸው የሚያስኬዱ ሰዎች ደግሞ ሞዴሉን ቆርጠው ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ይጭናሉ። እዚያ ጋ 8 እና 8 በእርግጥም ወደ 16 ይጠጋል።

ይህንን እያወራሁ ሳለ ነው ነገሩ ለራሴም የበራልኝ። የአክስቴ ልጅ ሥራ ራሱ የተቆራረጠ ነው። ጌም ቤት ነው። እያንዳንዱ ወንበር ለብቻው ይከፍላል። ማሽን አንድ ማሽን ሁለትን አይጠብቅም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ቤቱ ባዶውን ቀርቶ ከአንድ ፕሌይስቴሽን ተነስቶ ነው እዚህ የደረሰው። ምን ያህል ወንበር እንዳለው ከማንም በላይ ያውቃል። ጥግ ላይ ግን አንድ ባዶ ወንበር አለ። ፊት ለፊቱ ያለው ኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ልጆች ሥራ ሲታዘዙ ጽሑፍ የሚጽፉበት ነው።

«እዚያ ማሽን ላይ ለምን አንሰካውም?» አልኩት።

ከፈትነው። የቢሮ ማሽን ነው፣ የውጭ ቢሮ ተጠቅሞበት የመጣ። ፓወር ሰፕላዩ 240 ዋት ይላል፣ ለካርድ የሚሆን ባለ ስምንት እግር ገመድ የለውም። ሻጩ ከቦርሳው የመቀየሪያ ገመድ አወጣ፣ የዲስኩን ኤሌክትሪክ ወደ ካርድ የሚያዞር ዓይነት። ከእጁ ተቀብዬ መልሼ ቦርሳው ውስጥ አስገባሁለት። እንዲህ ያለ ገመድ ሲቀልጥ ሸትቶኝ ያውቃል።

«አብሽር» አለ የአክስቴ ልጅ። ለፓወር ሰፕላይ የሚሆን ብር አለው፤ ዋናው ነገር ባለ አንድ ካርድ ማሽን የሚችለው ከሆነ። 450 ዋት ሆኖ ከ12 ቮልት ሥር 33 አምፔርና ከዚያ በላይ የሚል ይበቃዋል፣ አልኩት። የዚያ ማሽን መሰኪያ የተለየ ቅርጽ ስላለው ለማዘርቦርዱ የሚሆን አዳፕተርም ፈልግ። ኬዙም ጠባብ ነው፣ ካርዱ ከነርዝመቱ እንዲገባ በሜትር ለካነው። ለጥቂት ያልፋል።

ከሻጩ ጋር ዋጋ ሲከራከሩ እኔ ቡና ጠጣሁ። ለአንድ ማሽን እጥፍ ጉልበት ብሎ የጠራውን ዋጋ ለተራ ያገለገለ ካርድ ዋጋ ለማድረግ ከአንድ ሲኒ በላይ ፈጀ።

በሳምንቱ ደወለልኝ። ጥጉ ላይ ያለው ወንበር ተይዟል። ያ «ይንቀጠቀጣል» ያለው ልጅ ነው የተቀመጠበት፣ ከጓደኛው ጋር በኔትወርክ ተያይዘው እየተጫወቱ ነው። ሁለት 580፣ ሁለት ልጅ፣ ሁለት ሒሳብ። ሁለቱም ካርዶች ፋናቸው ይዞራል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ቆይ ልየው» አለና ስልኩን ይዞ ሄደ።